ሃያ አራቱ ሃያ ሰባት የሆነ ቀን



እኔ የመድረሳ አስተማሪ ነኝ። ጧት ጧት ሕፃናትን ቁርኣን አስቀራለሁ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ ለትላልቆቹ ደረሶች ፊቅህና ሒሳብ አስተምራለሁ። የዘመናዊ ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ስለ ኮምፒዩተር ስጽፍ የባለሙያ ቃል እንዳትጠብቁብኝ ብዬ ነው። ሆኖም ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚህ መሣሪያ ጋር ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ወድጄው፣ ታልሎብኝ፣ አንድ ጊዜም በእጅጉ አሳፍሮኝ። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ያሳፈረኝን ነው። ነገሩ የአንዲት አሮጊት እናት የውርስ ድርሻ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን መድረሳና ኮምፒዩተር ምን አገናኛቸው የምትሉ ብዙዎች ስለምትኖሩ ከመጀመሪያው ልነሣ።

በ1986 ዓ.ም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አጎቴ ከጅዳ ወደ ደሴ ተመለሰ። አጎቴ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበር። ከሻንጣው ውስጥ ብርድ ልብስና ሽቶ ስንጠብቅ አንድ ጠፍጣፋ የቁልፍ ሰሌዳ አወጣ። የአሠሪው ልጆች ጠግበውት የጣሉት ኮምፒዩተር ኖሯል። በላዩ ላይ «ሰኽር» የሚል ተጽፎበታል፤ በዐረብኛ ዐለት ማለት ነው። አባቴ ታይፕ መስሎት ወረቀቱ የት እንደሚገባ ይፈልግ ጀመር!

ስለዚህ መሣሪያ ኋላ የተረዳሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሙሐመድ አሽ-ሻሪኽ የተባሉ ኩዌታዊ፣ ኮምፒዩተር ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ አለበት ብለው ተነሡ። ያን ጊዜ በጃፓን ኤም.ኤስ.ኤክስ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ የቤት ኮምፒዩተር ደረጃ ነበር። እርሳቸውም ያማሃን ከመሰሉ የጃፓን ፋብሪካዎች ጋር ተዋውለው ዐረብኛ የሚያውቁ ማሽኖችን አሠሩ፤ ድርጅታቸውም የቁርኣንና የሐዲስ ፕሮግራሞችን አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለእስልምና ለተደረገ አገልግሎት የሚሰጠውን የንጉሥ ፈይሰል ሽልማት አግኝተው፣ በ2024 ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

የእኛ ቤቱ ሰኽር 64 ኪሎ ባይት የማስታወስ ችሎታ ነበረው። ይኸውም ወደ 65 ሺሕ ፊደላት ያህል ነው፤ ከዚያም ላይ ለተጠቃሚው ክፍት የሚሆነው ወደ 28 ሺሕ ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ እዚያ ውስጥ አትገባም። መስታወቱ የጎረቤት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ መዝገቡ ደግሞ አባቴ መንዙማ የሚያዳምጥበት የካሴት ማጫወቻ ነበር። ፕሮግራም ጽፈን በካሴት ካልቀረጽነው መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉም ነገር ይጠፋል። የደሴ መብራት ደግሞ እንዴት እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል! ጓደኞቼ ሲናደዱ እኔ ግን ብዙም አይደንቀኝም ነበር። እኛ ደረሶች ሉሓችንን ጽፈን፣ ሐፍዘን፣ አጥበን እንደገና የምንጽፍ ነን። ያልተሐፈዘ ነገር ሉሑ ሲታጠብ አብሮ እንደሚሄድ ቀድሞውንም ተምረነዋል።

ከመሣሪያው ጋር ወፍራም መማሪያ መጽሐፍ ነበር፤ የተጻፈው በዐረብኛ ነው። በሰፈራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ፤ መጽሐፉን ገልብጠው ገልብጠው መለሱት። ማንበብ የቻልነው እኔና አንድ ሌላ የመድረሳ ልጅ ብቻ ነበርን። ስለዚህ «ቂራአት ምን ያደርግላችኋል?» እያሉ ሲቀልዱብን የነበሩት ልጆች በየማታው ደጃችን ላይ ቆመው እስክንተረጉምላቸው ይጠብቁ ጀመር። ያን ጊዜ ኩራት ብጤ ሳይሰማኝ አልቀረም፤ አላህ ይማረኝ።

መሣሪያው የሚረዳው ቋንቋ ቤሲክ ይባላል። ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ ሁለት የሒሳብ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ውስጥ ያወጡት ነው። ዓላማቸውም የሳይንስ ተማሪ ያልሆነ ሰው ጭምር ኮምፒዩተርን እንዲያዝ ነበር። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው፤ 10፣ 20፣ 30 እየተባለ በአሥር በአሥር ይዘላል። ለምን ይዘላል? ኋላ የተረሳ ነገር ቢኖር 15 ብሎ መሐል ለማስገባት ነው። የኪታብ ጸሐፊዎች ለሐሺያ ጠርዙን ሰፋ አድርገው እንደሚተዉት ማለት ነው። አንዲት ፊደል ከተሳሳታችሁ ደግሞ ማሽኑ «ሲንታክስ ኤረር» ብሎ ይቆማል። ፈትሓውን ከስራ አድርገን ስንቀራ ሸኻችን በመቋሚያቸው መሬቱን መታ እንደሚያደርጉት ያለ ነው።

በዚያ ማሽን ላይ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ነገር የፊደሎች ቁጥር ነበር። ማሽኑን የላቲኑ ኤ ስንት ነው ብላችሁ ስትጠይቁት 65 ይላል። ለእርሱ ፊደል የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ኤሌክትሪክ አለ ወይም የለም በሚሉ ሁለት ምልክቶች ብቻ የተሠራ ነው። ጓደኞቼ ይህን ለመቀበል ተቸገሩ። እኔ ግን ከአብጀድ ጋር ያደግሁ ነኝ፤ አሊፍ 1፣ ባ 2፣ ጂም 3፣ ዳል 4 እያለ እስከ ሺሕ የሚዘልቀውን የፊደል ቁጥር ከሉሕ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሚም 40፣ ሓ 8፣ ሚም 40፣ ዳል 4፤ ሙሐመድ የሚለው ስም ሲደመር 92 ይሆናል። ስለዚህ ፊደል በቁጥር መወከሉ ለእኔ እንግዳ አልነበረም።

ቁጥርን በፊደል የጻፈ ሁሉ ግን አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ ማስላት ይከብደዋል። የእኛን የግዕዝ ቁጥር ተመልከቱ። ፳ ብሎ ሃያ፣ ፻ ብሎ መቶ ይጽፋል እንጂ ዜሮ የለውም። ለቀንና ለምዕራፍ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ፵፯ን በ፴፰ በወረቀት ላይ አባዙ ብትባሉ መጀመሪያ ወደ 47 እና 38 መቀየር ሳይኖርባችሁ አይቀርም። ዐረቦችም አብጀድ ይዘው ሳሉ እንዲሁ ነበሩ። መንገዱን ያወጡት ሕንዶች ናቸው፤ ባዶ ቦታን የሚይዝ ምልክት አበጁለት። ዐረቦች «ሲፍር» አሉት፤ አውሮፓውያን ከዚያ ወስደው «ዜሮ» አሉት።

ይህን አቆጣጠር ለዓለም ካስተማሩት መካከል ስሙ የቀረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ነው። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ813 እስከ 833 ባሉት ዓመታት፣ በባግዳድ በይቱል ሒክማ ሠርቷል። ስለ ሕንድ ቁጥሮች የጻፈው መጽሐፍ የዐረብኛው ቅጅ ጠፍቶ ዛሬ የሚገኘው በላቲን ነው። ላቲኖቹ ስሙን «አልጎሪትሚ» ብለው ስለጻፉት አንድን ስሌት በሥርዓት፣ በደረጃ በደረጃ የመሥራት ዘዴ ሁሉ በስሙ «አልጎሪዝም» ተባለ። በዓለም ላይ ያለ እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አልጎሪዝም ነው። እንግዲህ የፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ ሳያውቀው የዚህን ሰው ስም በአፉ ይዞ ይውላል!

ሁለተኛው ታላቅ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ የጻፈው የጀብርና የሙቃበላ መጽሐፍ ነው፤ «አልጀብራ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ጀብር ማለት የተሰበረን መጠገን ነው፤ የወጌሻ ሥራ እንደማለት። ምሳሌ ልስጣችሁ። ከአሥር ላይ አንድ ያልታወቀ ነገር ቢቀነስ ቀሪው የዚያው ነገር አራት እጥፍ ሆነ እንበል። አሥሩ ተሰብሯል፤ የጎደለውን ነገር መልሱለት፤ ለወዲያኛውም ወገን ያንኑ ያህል ጨምሩ። አሁን አሥር ከአምስት ነገሮች ጋር እኩል ሆነ፤ ነገሩም ሁለት ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ይህን ሁሉ የጻፈው ያለ ምንም ምልክት፣ በቃላት ብቻ ነው። በመግቢያው ላይ መጽሐፉ ሰዎች በውርስና በኑዛዜ፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬት ለሚቸገሩበት ስሌት መሆኑን ይናገራል። የመጽሐፉ ሰፊ ክፍልም ስለ ኑዛዜና ውርስ ነው። አልጀብራን ትምህርት ቤት ስንማር ኤክስና ዋይ ብቻ ይመስለናል፤ ከጀርባው ግን ሟች ትቶት የሄደ ሀብትና የሚጠብቁ የቲሞች አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ።

በመድረሳ ረሕቢያ የምትባለውን የፈራኢድ ግጥም ሐፍዣለሁ። ቁርኣን በሱረቱ-ኒሳእ ውስጥ የወሰናቸው ድርሻዎች ስድስት ናቸው፤ ግማሽ፣ እርቦ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሲሶ፣ ሲሶ እና ስድስተኛ። የፈራኢድ ዐሊሞች እነዚህን ሲያካፍሉ በክፍልፋይ አይደክሙም። መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ቀሪ የሚያካፍል አንድ ሙሉ ቁጥር ይፈልጋሉ፤ «አስሉል መስአላ»፣ የጉዳዩ መነሻ ይሉታል። መነሻዎቹም ሰባት ብቻ ናቸው፤ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 እና 24።

መነሻውን ለማግኘት ሁለት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ዝምድና እንመለከታለን። ወይ እኩል ናቸው፤ ወይ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ ወይ የጋራ አካፋይ አላቸው፤ ወይ ፈጽሞ አይገናኙም። ሚስት ስምንተኛ፣ እናት ስድስተኛ ቢኖራቸው 8 እና 6 በ2 ይገናኛሉ፤ ስለዚህ የአንዱን ግማሽ በሌላው አባዝተን 24 እናገኛለን። ይህን ነገር በዘመናዊ ትምህርት ቤት «ትንሹ የጋራ ብዜት» ብለው ሲያስተምሩኝ ሳቄ መጣ። ዩክሊድ ከሁለት ሺሕ ዓመታት በላይ በፊት የጋራ አካፋይ ለመፈለግ የጻፈው ዘዴ ደግሞ በቤሲክ አራት አምስት መስመር ብቻ ነው፤ ትልቁን በትንሹ አካፍል፣ ቀሪውን ያዝ፣ ትንሹን በቀሪው አካፍል፣ ቀሪው ዜሮ እስኪሆን ደጋግም። ሰኽሩ በቅጽበት ይመልሰው ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሸኻችንና ማሽኑ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ መሰለኝ።

ሰኽሩ ከጊዜ በኋላ ተበላሸ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ማስተማር ስጀምር አንድ ወዳጄ የጽሕፈት ሥራ የሚሠራበት ሱቅ ከፈተ፤ ማታ ማታ በኮምፒዩተሩ እንድጠቀም ይፈቅድልኝ ነበር። እዚያም ላይ ቤሲክ አገኘሁና ብዙ ወር ፈጅቼ የውርስ ማካፈያ ፕሮግራም ጻፍኩ። የወራሾቹን ዓይነትና ብዛት፣ የገንዘቡን መጠን ትነግሩታላችሁ፤ እርሱም የእያንዳንዱን ድርሻ በብርና በሳንቲም ያወጣል።

ሁለት ጥፋት ሠርቼ ነበር። አንደኛው፣ የሸኾቹን የሙሉ ቁጥር መንገድ ትቼ በአስርዮሽ መሥራቴ ነው። ለኮምፒዩተር ይቀለዋል ብዬ ነበር። አስርዮሽ ግን ሲሶን ጨርሶ አይጽፈውም። አሥር ሺሕ ብር ለሦስት ስታካፍሉ ለእያንዳንዱ 3,333 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሳል፤ ስትደምሩት አንዲት ሳንቲም ትጎድላለች። ይህች ሳንቲም ሰላም ነሳችኝ። በመጨረሻ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ የመጨረሻው ወራሽ በስሌት የወጣለትን ሳይሆን ሌሎቹ ከወሰዱ በኋላ የተረፈውን ይውሰድ አልኩ። ድምሩ ሁልጊዜ ልክ መጣ። ብልሃተኛ ነኝ ብዬም ተደሰትኩ።

ሁለተኛው፣ ዐውል የሚባለውን ምዕራፍ «በኋላ እጨምረዋለሁ» ብዬ ማሳደሬ ነው። ዐውል ምንድን ነው? አንዳንድ ጊዜ የወራሾቹ ድርሻ ሲደመር ከሙሉው ይበልጣል። ለምሳሌ አንዲት ሴት ባልና ሁለት የእናት አባት እህቶችን ትታ ብትሞት ለባል ግማሽ፣ ለእህቶች ሁለት ሲሶ ነው። ከ6ቱ 3 እና 4፤ ሲደመር 7! በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥማቸው ሶሓቦችን አማከሩ፤ ከዚያም ጉድለቱን ሁሉም በድርሻቸው ልክ እንዲሸከሙት ወሰኑ። መነሻው 6 መሆኑ ቀርቶ 7 ይሆናል። አራቱም መዝሀቦች የያዙት ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም ብዬ ነው ያሳደርኩት። በኋላም ረሳሁት።

በ1997 ዓ.ም በሰፈራችን አንድ ነጋዴ ሞተ። ሚስቱን፣ ሁለት ሴት ልጆቹን፣ አባቱንና እናቱን ትቶ ነበር። ዕዳውና የቀብሩ ወጪ ተከፍሎ 108,000 ብር ቀረ። ሸኻችን ታመው ስለነበር ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ መጡ። እኔም ከሱቁ አሳትሜ ያመጣሁትን ወረቀት በሰዎች ፊት አነበብኩ። ለሚስት 13,500፤ ለሁለቱ ልጆች 72,000፤ ለአባት 18,000፤ ለእናት 4,500። ድምር 108,000። አንዱ ሽማግሌ «ለእናቲቱ አላነሰም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» አልኩ። ይህን ቃል በአፌ ማውጣቴን ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

እናትየዋ ከወረኢሉ ገጠር የመጡ ደካማ ሴት ናቸው። ብሩን በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩና «አልሐምዱሊላህ፤ የአላህ ሑክም ከሆነ ምን ይባላል» አሉ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሸኻችንን ልጠይቅ ሄድኩ። ጉዳዩንም ምስጋና እየጠበቅሁ አጫወትኳቸው። ተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ሚስትየዋ ስንት ደረሳት?» አሉኝ።

«አሥራ ሦስት ሺሕ አምስት መቶ ነው፣ ሸኽዬ።»

«ከመቶ ስምንት ሺሕ? ስምንተኛዋን ሙሉ ወሰደቻ!» ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። «ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጅ፣ አባት፣ እናት። ይህች እኮ ሚንበሪያ ናት! የሚስት ስምንተኛዋ ዘጠነኛ የሚሆንባት። ድርሻቸውን ደምረኸዋል?»

እኔ ብሩን እንጂ ድርሻውን አልደመርኩም ነበር። ሚንበሪያ የተባለችው ዐሊይ (ረ.ዐ.) ሚንበር ላይ ሳሉ ተጠይቀው ወዲያው መለሱባት ተብሎ ስለሚወራ ነው። እዚያው በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ከ24ቱ ለሚስት 3፣ ለልጆች 16፣ ለአባት 4፣ ለእናት 4። ሃያ ሰባት! ላቤ መጣ። 108,000 ለ27 ሲካፈል አንዱ እጅ 4,000 ብር ነው። ስለዚህ ለሚስት 12,000፣ ለልጆች 64,000፣ ለአባት 16,000፣ ለእናትም 16,000 ይገባ ነበር። እኔ ከእኒያ ሴት 11,500 ብር ወስጄ ለሌሎቹ አከፋፍያለሁ።

ማሽኑ ለምን አልጮኸም? ስለ ሳንቲሟ የጨመርኳት መስመር አፉን ስለያዘችው ነው። ያች መስመር ባትኖር ኖሮ ድምሩ 121,500 ይመጣና ስሕተቴን ያጋልጠኝ ነበር። ያች ብልሃቴ ግን ትርፉን ሁሉ በዝምታ ከመጨረሻው ወራሽ ላይ ቀነሰችው። መጨረሻ ላይ የተጻፉት ደግሞ እናትየዋ ነበሩ። አባትየውን መጨረሻ ብጽፋቸው ኖሮ የሚጎዱት እርሳቸው ነበሩ። ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እኒያ ሴት የእኔን ስሕተት የአላህ ሑክም ነው ብለው መቀበላቸው ነው።

«ምን ላድርግ?» አልኳቸው ሸኻችንን።

«የተናገርኸው በሰው ፊት ነው፤ የምትመልሰውም በሰው ፊት ነው» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹን እንደገና ሰበሰብኩ። መሳሳቴን፣ እንዴት እንደተሳሳትኩም ተናገርኩ። የሚስትየዋ ወንድም «ኮምፒዩተር አይሳሳትም ብለህ አልነበር?» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። እርሷ ከገንዘቡ ለሱቁ ዕቃ ገዝታበት ነበር። አልቅሳ፣ በኋላ ግን «የእርሳቸውን ሐቅ ልጆቼን አላበላም» ብላ የራሷንና የልጆቿን ትርፍ 9,500 ብር በሁለት ጊዜ መለሰች። አላህ ምንዳዋን ያብዛላት። አባትየው 2,000ውን ለባለቤታቸው ወዲያው ሰጡ። እኔም ብሩን ይዤ በአውቶቡስ ወረኢሉ፣ ከዚያም በእግሬ ወደ ገጠሩ ሄድኩ።

እናትየዋ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ «ያን ጊዜም አልሐምዱሊላህ ብያለሁ፤ ዛሬም አልሐምዱሊላህ። ግን ልጄ፣ ለሌላዋ እንዲህ እንዳታደርግ» አሉኝ። ወተት አጠጥተው ሸኙኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቃላቸው ፕሮግራም በምጽፍበት ጊዜ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ነው።

ፕሮግራሙን እንደገና ስጽፈው አስርዮሹን ጥዬ ወደ ሸኾቹ መንገድ ተመለስኩ። ሙሉ ቁጥር ብቻ፤ መነሻውን ፈልግ፣ እጆቹን ስጥ፣ ገንዘቡን የምታካፍለው መጨረሻ ላይ ነው። ዐውልም አንድ መስመር ሆኖ ገባ፤ የእጆቹ ድምር ከመነሻው ከበለጠ መነሻው ድምሩ ይሁን። ከዚያም መልሱን የማውቃቸውን ጉዳዮች አንድ በአንድ ፈተንኩበት። መነሻው 6 ሲሆን እስከ 10 ድረስ በእያንዳንዱ ቁጥር፤ 12 ሲሆን ወደ 13፣ 15 እና 17፤ 24 ሲሆን ወደ 27 ብቻ ያድጋል። እነዚህን በልጅነቴ እንደ ግጥም ሐፍዣቸው ነበር፤ ለምን እንደምሐፍዛቸው የገባኝ ግን ያኔ ነው። የጥንት ዐሊሞች ለእኛ የተዉልን መፈተኛ ኖረዋል።

ውድ ወላጆች! ዛሬ ልጆቻችሁ በኪሳቸው የያዙት ስልክ ከእኔ ሰኽር በብዙ ሺሕ እጥፍ የፈጠነ ነው። ውርስ የሚያካፍሉ፣ ዘካ የሚያሰሉ፣ የሶላት ወቅት የሚናገሩ ፕሮግራሞችም በስልክ ላይ ሞልተዋል። አትጠቀሙባቸው አልልም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ከውጤቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። አንደኛ፣ ብሩን ብቻ ሳይሆን ድርሻዎቹን ደምሩ፤ ከሙሉው በለጡ ወይስ አነሱ? ሁለተኛ፣ መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን አንድ ቀላል ጉዳይ ስጡትና ፈትኑት። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው «አላነሰም?» ብሎ ሲጠይቅ ዝም አታሰኙት፤ ያ ሽማግሌ ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ ዓይኑ ግን ከእኔ ማሽን የበለጠ አይቷል። ገንዘቡንም ከማከፋፈላችሁ በፊት ፈራኢድ ለሚያውቅ ዐሊም አሳዩ።

ኮምፒዩተር መማር ለሚፈልግ ልጅም አንድ ቃል አለኝ። መጀመሪያ በወረቀትና በእርሳስ ሥራው። እኔ ደረሶቼን ማሽን ፊት የማስቀምጣቸው አንዱን የውርስ ጉዳይ በእጃቸው ሠርተው፣ ድምሩን አረጋግጠው ካሳዩኝ በኋላ ነው። ማሽን የሚታዘዘው በቃላችን ልክ ነው። ቃላችን ጎዶሎ ከሆነ ጎዶሎውን በፍጥነት፣ ሳይደክመውና ሳያፍር ይደጋግመዋል። ማፈር ያለብን እኛ ነን።

ሸኻችን ካረፉ ዓመታት አለፉ፤ እናትየዋም እንዲሁ። ያን የመጀመሪያ ወረቀት ግን አልጣልኩትም። 4,500 የሚለው ቁጥር ላይ በቀይ አክብቤበት ኪታቤ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ደረሶቼ «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ይህንኑ ለእናንተ ያወጋሁትን አወጋቸዋለሁ።

አላህ ዕውቀታችንን የሚጠቅም፣ ሚዛናችንንም የማያጎድል ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።